ከ18 ዓመት በኋላ የሚጠፋው ሕመምተኛ

ያለ ወላጅ ጀርመን የገባ ስደተኛ ልጅ በወጣቶች ጽሕፈት ቤት ጥበቃ ሥር ሳለ የተሟላ ሕክምና ያገኛል። 18 ዓመት ሞልቶት ከጥበቃው ሲወጣ ግን፣ የጥገኝነት ጥያቄው ገና ካልተወሰነ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ ይደርስበታል፤ ሕጉ በዋናነት የሚፈቅደው አጣዳፊ ሕመምና ሥቃይ እንዲታከም ነው። ገደቡ የሚጸናበት የቆይታ ዘመንም በ2024 ከ18 ወር ወደ 36 ወር ከፍ ብሏል።

ይህን ለሚመረምር የዶክትሬት ተማሪ የሚሰጠው ድጎማም ብዙውን ጊዜ የሦስት ዓመት ነው። ንባቡ፣ ፈቃዱና ጽሑፉ ሲቀነስ፣ አንድን ወጣት ከ17 ዓመቱ እስከ 20 ለመከተል ጊዜ አይተርፍም። ከዚህ የሚከፋው ግን የሚቆጠረው ሐኪም ፊት የቀረበው ብቻ መሆኑ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ወጣት የሕክምና ወረቀት ቢጠይቅ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ለውጭ ዜጎች ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር ሕመሙን ይዞ ይቀመጣል፤ በጥናቱም ጤነኛ መስሎ ያልፋል።

ደጉ ሳምራዊ ለእንግዶች ማደሪያ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ቢጎድል ሲመለስ እንደሚጨምር ቃል ገብቶ ነበር። የጥናት ገንዘብም እንዲሁ ሊጨመርበት፣ የአስተርጓሚ ዋጋም ከመነሻው ሊታሰብበት ይገባል። ከወገኖቻችን መካከል እንዲህ ያለው ወጣት ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያችን አዳራሽ ይገኛልና፣ ተመራማሪ ወደዚያ ሲመጣ ካህናቱና የሰበካ ጉባኤው አባላት የወጣቱ ስም የት እንደሚጻፍና ማን እንደሚያየው አስቀድመው ይጠይቁ።