ዓሣ ይዞ የሚዞረው ወፍ

ፓፊን አማርኛ ስም ያላወጣለት ወፍ ነው። ቢያወጣለት ነበር የሚገርመው፤ ከሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ወጥቶ እኛ ዘንድ ብቅ ብሎ አያውቅም። ቁመቱ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ብርቱካናማ ነው። ምንቃሩን ደግሞ ሕፃን ልጅ ያገኘውን ከለር ሁሉ የቀባው ይመስላል። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ይህን ምንቃር ካላንደር ላይ ካየ ወዲህ እኛ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ለልደቱ የሚሰጠውን ገንዘብ ሁለት ዓመት አጠራቅሞ ያገለገለ ካሜራና ረጅም ሌንስ ገዛ። እኔም ቃሌን ማክበር ነበረብኝና በሰኔ አጋማሽ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችውን እናቴን ጨምረን ሦስታችንም ጀልባ ላይ ወጣን።

ሰኔን የመረጥነው በምክንያት ነው። ያ ሁሉ ቀለም የሠርግ ልብስ ነው። የመራቢያው ወቅት ሲያበቃ የምንቃሩ ቀለማም ሽፋን ተቀርፎ ይወድቅና ወፉ ደብዛዛ ሆኖ ወደ ባሕሩ መሐል ይሄዳል፤ እስከሚቀጥለው የመራቢያ ወቅት መሬት አይረግጥም። የሚመለሰውም ለአንዲት እንቁላል ብሎ ነው። በዓመት አንድ ብቻ፤ እሷንም በምንቃሩና በእግሩ ምሶ ባበጀው ጉድጓድ ውስጥ። ባልና ሚስት ስድስት ሳምንት ያህል እየተፈራረቁ ይታቀፏታል፤ ጫጩቷ ከተፈለፈለች በኋላ ደግሞ ሌላ ስድስት ሳምንት ገደማ ዓሣ ያመላልሱላታል። ፎቶ አንሺው ሁሉ የሚፈልገው ያኔ ነው፦ ምንቃሩ ላይ የብር ክር የመሰሉ ትናንሽ ዓሦች ደርድሮ ሲመጣ። ሐምሌ ሲጋመስ መሄድ ይጀምራሉ። በነሐሴ የሄደ ሰው የሚያነሳው ባዶ ሣር ነው።

የምንኖረው ኒውካስል ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ በስተሰሜን፣ ሲሃውስ የምትባል ትንሽ ወደብ አለች፤ ከእሷ ወደ ፋርን ደሴቶች ጀልባ ይሄዳል። ደሴቶቹ ስንት ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «በስንት ሰዓት?» ነው። ባሕሩ ሲሸሽ 28 ያህል ይቆጠራሉ፤ ሲሞላ ግማሽ ያህሉ ይሰምጣሉ።

እማዬ ከዚያ በፊት ጀልባ ላይ የወጣችው አንዴ ብቻ ነው፤ የጣናን ገዳማት ለመሳለም ከባሕር ዳር። ወደቡን ለቀን ገና ትንሽ እንደሄድን ጀልባዋ መዝለል ጀመረች። እማዬ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጣ፣ «ጣና እንኳ እንዲህ አልጨከነብኝም» አለች። የሐዋርያት ጾም ስለነበረ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የያዝነውን ዳቦ ቆሎ ለልጁ ሰጥታ እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ለነገሩ የጾመችው ከእኛ ይልቅ ተመቻት፤ ቁርስ የበሉት ተሳፋሪዎች ፊታቸው ሲገረጣ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የምትደርሱት ገደሉ ጋ ነው። ድንጋዩ ላይ ጊልሞት የሚባሉ ቡናማና ነጭ ወፎች እንደ ጥምቀት ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍገው ቆመዋል። ጎጆ የላቸውም፤ እንቁላላቸውን ባዶው ድንጋይ ላይ ይጥላሉ። እንቁላሉ አንድ ጫፉ ሹል ነው፤ የእያንዳንዱም ቀለምና ነጠብጣብ ስለሚለያይ ወላጆቹ ከዚያ ሁሉ መሐል የራሳቸውን ይለያሉ። ጫጩቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው፣ ክንፉ ገና ሳይጠና፣ ከገደሉ ወደ ባሕሩ ይዘላል። ልጄ ይህን ለአያቱ በተሰባበረ አማርኛው ሲያስረዳት፣ «እናቱስ?» አለችው።

«እናቱ አይደለችም እማማ። አባቱ ነው አብሮት የሚሄደው። ባሕር ላይ የሚያሳድገው አባቱ ነው።»

እማዬ ወደ ገደሉ አየች፣ ቀጥላ ወደ እኔ አየች፤ ምንም አላለችም። ልጄን ብቻዬን እንደማሳድግ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ታውቃላችሁ።

ከሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ፎቶ ለማንሳት ለምትፈልጉ፣ ልጄ ከመጻሕፍትና ከብዙ የተበላሸ ፎቶ የተማረውን ላካፍላችሁ። ፍጥነቱን ቢያንስ 1/2000 ሰከንድ አድርጉት፤ ፓፊን በደቂቃ እስከ 400 ጊዜ ክንፉን ያርገበግባል፣ በሰዓትም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። ከአጠገባችሁ የተነሳውን ወፍ ለመያዝ አትሞክሩ፤ ከሩቅ፣ ውሃው ላይ ሳለ አንዱን መርጣችሁ በካሜራው ተከተሉትና ወደ እናንተ ሲጠጋ ተኩሱ። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቁ እንጂ የጀልባውን ብረት አትደገፉ፤ የሞተሩ ንዝረት ካሜራችሁ ድረስ ይመጣል። ፀሐይ ከሌለ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። ነጭ ደረትና ጥቁር ጀርባ ያለው ወፍ በጠራ ፀሐይ ሲነሳ ደረቱ እንደ ወረቀት ይነጣል፤ ጥቁሩ ላይ ያለችው ዓይን ትጠፋለች። ደመና ሁለቱንም ያስታርቃል። ረጅም ሌንስ የሌለው ሰውም አይዘን፤ ደሴቱ ላይ ከወረዳችሁ በኋላ ፓፊኖቹ በጣም ቅርብ ስለሆኑ ስልክ ይበቃል። ዋናው ነገር ቁጭ ማለት ነው። ቆሞ ቁልቁል ያነሳ ሰው የወፍ አናት ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው።

እኛ የወረድነው ኢነር ፋርን ላይ ነው። እዚያ ከመውረዳችሁ በፊት ባርኔጣ አጥልቁ፤ ቀልድ አይደለም። አርክቲክ ተርን የምትባል ቀጭን ነጭ ወፍ ጎጆዋን መንገዱ ዳር ትሠራለች፤ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ አናቱን በሹል ምንቃሯ ትወጋለች፣ ደም እስኪወጣ። እማዬ ነጠላዋን አራት አጥፋ አናቷ ላይ ጣል አደረገችና ምንም እንዳልተፈጠረ አለፈች። ልጄን ግን ሦስቴ ወጋችው። ብትወጋም ይገባታል። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእነዚሁ ደሴቶች በያዟቸው ተርኖች እግር ላይ ከአንድ ግራም የሚያንስ መሣሪያ አስረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ውጤት አንዷ በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ወርዳ አንታርክቲካ ደርሳ ስትመለስ የበረረችው 96,000 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ተጉዛ የመጣች እናት ጫጩቷ አጠገብ እግራችሁን ስታነሱ ብትቆጣ ምን ይገርማል?

ደሴቱ ላይ ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት አለች። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ኩትበርት የተባለ መነኩሴ እዚህ ብቻውን በብሕትውና ኖሮ፣ እዚሁ በ687 ዓረፈ። ኤይደር የሚባሉትን ዳክዬዎች ማንም እንዳይነካ አዝዞ ነበር ይባላል፤ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራቸዋል። ሴቷ ኤይደር ከደረቷ ላባ ነጭታ ጎጆዋን ታነጥፍና ሃያ አምስት ቀን ያህል፣ ምግብ የሚባል ነገር እምብዛም ሳትቀምስ ትታቀፋለች። እማዬ ይህን ስትሰማ ጸሎት ቤቷን ሳመች። ፓፊኑንም ገና እንዳየችው «ቆብ ያጠለቀ መነኩሴ» ብላው ነበር። የሳይንስ ስሙ ፍራተርኩላ ነው፤ በላቲን ትንሽ ወንድም፣ ማለትም መነኩሴ እንደማለት። የሰየሙት ሰዎችና እናቴ ላባውን ያዩት በአንድ ዓይን ነው።

መራመድ የሚፈቀደው በተዘረጋው የእንጨት መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ሣሩ ሥር ሁሉ ጉድጓድ ስለሆነ የረገጠ ሰው ጣሪያውን ጫጩቷ ላይ ያፈርሳል። በመንገዱ አንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላው ወገን ጉድጓዶቹ። ዓሣ የያዘው ፓፊን ከባሕሩ መጥቶ ከሰው አናት በላይ ማለፍ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች እንደ መድፍ የሚያህል ሌንስ ይዘው ተደርድረዋል። ልጄም ሄዶ ከመካከላቸው ተንበረከከ። ሁለት ዓመት የጠበቀው ይህን ነበር።

አንድ ፓፊን ዓሣውን ደርድሮ መጣ፤ ሰዎቹ ላይ ሲደርስ ታጠፈና ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ታጠፈ። ካሜራዎቹ ይንጣጣሉ። ወፉ ያን ያህል ዓሣ ይዞ የሚዞረው በምላሱና በላንቃው ላይ ወደ ኋላ ባዘነበሉ እሾሆች ስለሚይዘው ነው፤ ሌላ ዓሣ ለመያዝ አፉን ቢከፍት የፊተኞቹ አይወድቁበትም። ችግሩ ያለው መሬት ላይ ነው። ጥቁር ራስ ያላቸው ጋል የሚባሉ ወፎች ሣሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል፤ ከዘገየ ዓሣውን ከአፉ ይነጥቁታል። አምስተኛውን ዙር ስንቆጥር እማዬ ክንዴን ያዘች።

«አንቺ፣ ይሄ ወፍ ለምንድን ነው የማይገባው?»

«ሰዎቹ ቆመውበት ነው መሰለኝ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ልጁ ጉድጓድ ውስጥ እየራበው አይደል እንዴ? ንገሯቸው እንጂ!»

ቀጥላ ራሷ ነገረቻቸው፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ እጇን እያወናጨፈች፦ «እባካችሁ የኔ ልጆች፣ ፈቀቅ በሉለት!» ሁሉም ዞረው አዩዋት። ነጠላ ያጠለቀች አሮጊት ናት፤ የምትለው አይገባቸውም። አንደኛው ሰውዬ ፈገግ ብሎ ወደ ካሜራው ተመለሰ።

ውጭ አገር ልጅ ያሳደገ ሰው ይህች ቅጽበት ትገባዋለች። ልጄ ከቤት ውጭ አማርኛ ሲነገር ትከሻው ይሸመቀቃል። ትምህርት ቤት በር ላይ አያቱን «እማማ» ማለት ትቶ በእንግሊዝኛ መጥራት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር። ጆሮው ሲቀላ ከሩቅ አየሁት። ጣልቃ ልገባ ነበር፤ አልገባሁም። ካሜራውን ከዓይኑ አወረደና ተነሳ። ለሰዎቹ በእንግሊዝኛ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «አያቴ የምትለው፣ ወፉ ወደ ጉድጓዱ መግባት አልቻለም፤ መንገዱ ላይ ነን፤ ጫጩቱ እየጠበቀ ነው» አላቸው። ራሱ አሥር እርምጃ ያህል ወደኋላ ሄደ። ሁለት ሴቶች ወዲያው ተከተሉት። ሌሎቹ እየተያዩ ተነሱ። ፈገግ ያለው ሰውዬ የመጨረሻው ነበር፤ እያጉረመረመም ቢሆን ተነሳ።

ወፉ ከባሕሩ መጣ። ሣሩ ላይ በደረቱ እንደወደቀ ያህል አረፈ፣ ሁለት ጊዜ ተንደረደረ፣ ጉድጓዱ ዋጠው። ጋሉ ዘግይቶ ደረሰ። ነገሩ ሁሉ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። እማዬ እልል ልትል ስትል ነው አፏን የያዝኳት።

ልጄ በእነዚያ ሦስት ሰከንዶች የተኮሰው ፎቶ አለ፤ የሚታየው ብርቱካናማ እግርና የተደበላለቀ ሣር ነው። ዓሣው የለበትም። በዚያን ቀን ካነሳቸው ዘጠኝ መቶ ያህል ፎቶዎች አሥራ አንዱን አስቀረ። ከእነሱ አንዷ ላይ ተርን በአያቱ ነጠላ አናት ላይ ክንፏን ዘርግታ ቆማለች፤ እማዬ አታውቅም፣ ባሕሩን እያየች ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። እሱ አይስማማም፤ ባርኔጣ የሌለው ሰው ያለበት ፎቶ የወፍ ፎቶ አይባልም ይላል።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ስለ ወፍ ጉንፋን አወራን። እ.ኤ.አ. በ2022 የገባው በሽታ ነው፤ የደሴቶቹ ጠባቂዎች ነጭ መከላከያ ልብስ ለብሰው በዚያ ዓመት ብቻ ከ6,000 በላይ የሞቱ ወፎች ለቅመዋል። ደሴቶቹ ለጎብኚ ተዘጉ፤ ኢነር ፋርን የተከፈተው በ2024 ነው። በዚያው ዓመት ፓፊኖቹ ሲቆጠሩ ግን 50,000 ያህል ጥንድ ሆነው ተገኙ፤ በ2018 ከነበሩት 44,000 ገደማ በልጠው። መሬት ሥር ተራርቀው መፈልፈላቸው ሳያተርፋቸው አልቀረም፤ ገደሉ ላይ ትከሻ ለትከሻ የቆሙት ጊልሞቶች ያን ዕድል አላገኙም። ሳንድኢል የምትባለውን የፓፊን ቀለብ የሆነች ቀጭን ዓሣ ለእንስሳት መኖ በመርከብ እያፈሱ ይወስዷት ነበር፤ ብሪታንያ ያን በእንግሊዝ የሰሜን ባሕር ክልልና በመላው የስኮትላንድ ውሃ በ2024 አገደች። ሙቀቱ የጨመረው ባሕር ግን በአዋጅ አይታገድም።

እማዬ በሐምሌ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ልጄ በስልክ ያወራታል፤ አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖም፣ በአማርኛ። ለሚመጣው ሰኔ ቦታ እንድይዝ በየሳምንቱ ይወተውተኛል፤ በዚህ ጊዜ ከመንገዱ ርቆ፣ ቁጭ ብሎ፣ በረጅሙ ሌንስ ዓሣውን ሊያነሳ አስቧል። የጀልባ ትኬቱን እስካሁን አልቆረጥኩም። ሁለት ልቁረጥ ወይስ ሦስት? የእማዬን ቪዛ እየጠበቅን ነው።