የጨዋታ አውሮፕላንና የጥገና ሒሳብ

የበረራ ማስመሰያ ጨዋታ ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ የድርጅት አስተዳደር መልመጃ ወደ መሆን ተሸጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ተጫዋቹ አውሮፕላን ገዝቶ፣ ሥራ ተቀብሎ፣ ከገቢው የጥገና ወጪ እንዲከፍል ያደርጋል። ደባርቅ ላይ ሆኖ ማኔጅመንት ወይም ሒሳብ አያያዝ ለሚማር፣ የአውሮፕላን ጥገና ጣቢያ በቅርብ ለማያይ ተማሪ፣ ይህ ቀላል ዕድል አይደለም። (የስሜንን ገደላ ገደል ከአየር ላይ ማየቱም ለብቻው ደስ ያሰኛል።) ይሁንና እንዲህ ያለው ጨዋታ በዋናነት የሚያስተምረው የጉዳዩን ግማሽ ነው።

በሚገባ የሚያስተምረው መጠባበቂያ መያዝን ነው። ለምሳሌ የሞተር እድሳት በየ3,600 የበረራ ሰዓቱ 3,600,000 ብር ይፈጃል ቢባል፣ አውሮፕላኑ በበረረ ቁጥር በሰዓት 1,000 ብር ዕዳ ያጠራቅማል። ይህን ገንዘብ ትርፍ ነው ብሎ ያወጣ ተጫዋች የእድሳቱ ቀን ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል።

ነገር ግን የአውሮፕላን ዕድሜ በሰዓት ብቻ አይለካም፤ በተነሣበትና ባረፈበት ቁጥር፣ በቀን መቁጠሪያም ጭምር ይለካል። አሥር ሰዓት የሚፈጅ በረራ የሚያርፈው አንድ ጊዜ ነው። እንደ ጎንደር ባለ የአንድ ሰዓት ገደማ መስመር የሚመላለስ ግን በዚያው ሰዓት አሥር ጊዜ ያርፋል። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካው በበለጠ ፍጥነት ነው፤ ጎማና ፍሬንም ይበልጥ ይደክማሉ። በሰዓት ብቻ የተሰላ መጠባበቂያ ይህን ሁሉ አያይም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ጊዜን የሚመለከት ነው። በጨዋታው ገንዘብ ካለ ጥገናው ብዙም አያስጠብቅም። በኢትዮጵያ ግን ብር ኖሮም የውጭ ምንዛሪና መለዋወጫ ያስጠብቃሉ፤ በዚህ መካከል ደመወዝና ኢንሹራንስ መከፈላቸውን አያቆሙም። በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ድጋፍ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቴክኒሻኖችን በራሱ አካዳሚ ማሠልጠኑ፣ ዛሬም አዲስ አበባ ባለው የጥገና ማዕከሉ ለሌሎች አየር መንገዶች ጭምር መሥራቱ ከዚህ አንጻር መታየት አለበት። የራስ ጥገና አቅም ክፍያን ብቻ ሳይሆን ቆሞ የሚባክነውን ቀንም ይቀንሳል።

እንግዲህ ጨዋታውን ለማስተማሪያ የሚጠቀም መምህር ሁለት ደንብ ቢጨምርበት ይበጃል፤ ማረፊያዎች ለብቻ ይቆጠሩ፣ የመለዋወጫ መምጫ ቀንም ከ3 እስከ 60 ባለው በዕጣ ይወሰን። ጨዋታው ኃይለኛ ኮምፒዩተርና ፈጣን ኢንተርኔት ይጠይቃል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ደንቦቹ ግን በወረቀት ሠንጠረዥም ይሠራሉ፤ በአውሮፕላኑ ፈንታ የወረዳ አምቡላንስ ወይም የጤና ጣቢያ ጄኔሬተር ቢገባም ስሌቱ ያው ነው።