የሁለት ደቂቃ ወሬ ዋጋው ስንት ነው?

በሬዲዮ የሚነገር ወሬ ለሰሚው እንደ ዝናም ከላይ የሚወርድ ይመስለዋል። ቡናውን እየጠጣ ሁለት ደቂቃ ያዳምጣል፤ ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው ይቀጥላል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። ወሬውን ያመጣው ሰው በዚያ ዕለት ምን በልቶ እንደ ዋለ የሚጠይቅ ግን የለም።

ይህን የምንለው በየወሩ ደመወዝ ስለሚቀበሉት ባልደረቦች አይደለም። ቋሚ ቅጥር ሳይኖራቸው ለልዩ ልዩ ጣቢያዎች በየሥራው ሒሳብ ስለሚሠሩት፣ ፍሪላንስ ስለሚባሉት ሪፖርተሮች ነው እንጂ።

እስቲ አንዱን ሥራ እንከተለው። የሽንኩርት ዋጋ ስለ ምን ወደ ላይ እንደ ወጣ ለመጠየቅ ሪፖርተሩ በማለዳ በታክሲ ተሳፍሮ ወደ አትክልት ገበያ ይሄዳል። ነጋዴው ስሜ እንዳይጠራ ይላል፤ ደላላው ይሸሻል፤ ተሸካሚው ለመናገር በደፈረ ጊዜ ደግሞ የጭነት መኪና ጥሩምባ ቃሉን ይውጠዋል። (መቼም የከተማችን መኪና ማይክሮፎን ሲያይ ጥሩምባው ይብስበታል።) ከቀትር በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። ማታ የአርባ ደቂቃውን ድምፅ አዳምጦ፣ ቆርጦ፣ ጽፎ፣ በራሱ አንደበት አንብቦ ሁለት ደቂቃ ያወጣል። ሒሳቡ በተላለፈው ደቂቃ ብቻ ከታሰበ እንግዲህ የቀረው ድካም ሁሉ በነፃ ሆነ ማለት ነው። ዝግጅቱ ሌላ ዜና መጥቶ ሳይተላለፍ ከቀረማ ሁለቱም ደቂቃ የሉም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ሰው ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ የዓመት ፈቃድ የለው፣ የሕመም ፈቃድ የለው፤ ጉሮሮው ሲዘጋ ገቢውም አብሮ ይዘጋል።

በኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን የተለመደ ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም ተባባሪ አዘጋጅ ሆኖ የአየር ሰዓት መግዛት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጣቢያው ለአዘጋጁ መክፈሉ ቀርቶ አዘጋጁ ለጣቢያው ይከፍላል። ገንዘቡን ለማግኘትም ስፖንሰር ፍለጋ ከድርጅት ወደ ድርጅት ይዞራል። ሰኞ ማስታወቂያ የለመነውን የዘይት ነጋዴ ማክሰኞ ዘይቱን ለምን ደበቅህ ብሎ ሊጠይቀው ይችላልን? በየአዳራሹም የስብሰባ ጠሪው የትራንስፖርት አበል ይጠብቀዋል። አበሉን ተቀብሎ ስብሰባው ፍሬ ቢስ ነበር ብሎ የሚያወራ ጀግና አይጠፋ ይሆናል፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ግን ዘወትር ጀግና እንዲሆን መጠበቅ አይገባም።

እኛ የምንለው ቀላል ነው። ጣቢያው ሥራ ሲያዝዝ ዋጋውን አስቀድሞ በጽሑፍ ይወስን፤ የመጓጓዣውን ይክፈል፤ ታዝዞ የተሠራ ዝግጅት ሳይተላለፍ ቢቀርም የድካሙን ዋጋ አይከልክል። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የሁለት ወገን ፊርማ ይበቃል። ጣቢያዎቹ ገቢያችን አነስተኛ ነው ይሉ ይሆናል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ገቢ አነስተኛ ነው ተብሎ ሳይከፈል አይቀርም፤ የሪፖርተሩም ሒሳብ በዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።