ዕረፍትን በቤተሰብ ቀመር ውስጥ ስለ ማስገባት

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ጸደይ የሚባለው ወቅት ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ሲሆን፣ ይህ ወቅት በምዕራብ ሸዋ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ የበልጉ ዝናብ ያለመለመው ሣር በየኮረብታው ተነጥፎ፣ ገበሬውም ማሳውን ለክረምቱ ዘር እያለሰለሰ፣ ሰማዩ ግን ገና ጨርሶ ሳይከደን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደርና ወደ ወንጪ ሐይቅ ለሚወጣ ቤተሰብ እጅግ የተመቸ ጊዜ ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚሁ ወቅት ያለው የግንቦት ወር ሰርጉ፣ መልሱ፣ ተዝካሩ፣ ማኅበሩና የልጆች ፈተና በአንድነት የሚደራረቡበት ወር ስለ ሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ ሁለት ሌሊት ከቤቱ ውጭ ለማደር ያሰበውን አሳብ ከዓመት ወደ ዓመት ሲያሸጋግር ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የቤተሰብ ዕረፍት ከሌሎች ግዴታዎች የተረፈውን ቀን የሚጠብቅ መሆኑ ቀርቶ፣ ራሱ እንደ አንድ ግዴታ ተቈጥሮ በቤተሰቡ ቀመር ውስጥ አስቀድሞ እንዲጻፍ ነው።

ግዴታው በዚህ ወቅት የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀመር የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 ቀን በታች አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም በላይ አይወጣም፤ ከበዓሉ በፊት ያለው የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሽራ የማይዳርበትና ድግስ የማይደገስበት በመሆኑ፣ በዓለ ሃምሳም በተፈጸመ ማግስት ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ስለሚገባ፣ በመካከሉ ያሉት ሰባት ሳምንታት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው የደስታ ቀናት ሆነው የሁሉንም ቤት ሰርግ ይሸከማሉ። በዚሁ ላይ ግንቦት 1 ቀን ልደታ፣ ግንቦት 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓልና የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ሲጨመሩበት፣ ተማሪውም ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሲሰናዳ፣ ለእናትና ለአባት የሚተርፋቸው ቅዳሜና እሑድ እጅግ ጥቂት ይሆናል። እንግዲህ «ይህ ሰርግ ካለፈ በኋላ እንሄዳለን» ያለው አባወራ ሌላ የሰርግ ጥሪ ይደርሰዋል፤ ያም ሲያልፍ ጾሙ ይገባል፤ ከጾሙም ጋር ክረምቱ ደርሶ የወንጪን ተራራ ጉም ይሸፍነዋል።

በዚህ ነገር ላይ በአገራችን ሁለት አስተያየት ሲነገር እሰማለሁ። አንደኛው፣ ዘመድ ሲያገባና ወዳጅ ሲያዝን ለሽርሽር መውጣት የባዕዳን ልማድ እንጂ የእኛ ወግ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በወጣቶቹ ዘንድ የሚበዛ ሲሆን፣ የዘመድ ጥሪ ማለቂያ የሌለው ሸክም ስለ ሆነ ስልክን ዘግቶ መጥፋት ይሻላል ይላል። የመጀመሪያው ሰውን ከመድከም ብዛት ለራሱ ልጆች እንግዳ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰውን በችግሩ ቀን ብቻውን ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም አልቀበላቸውም።

ዕረፍት ከባዕድ አገር የመጣ ነው ለሚሉት ወገኖች የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6ን ማስታወስ ይበቃል። ሐዋርያት ከስብከታቸው በተመለሱ ጊዜ፣ የሚመጣውና የሚሄደው ሕዝብ በዝቶ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ስላጡ፣ ጌታ ራሱ ሰው ወደሌለበት ስፍራ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው፤ ሕዝቡ ግን በእግሩ ቀድሞ በደረሰ ጊዜ አዘነለት እንጂ አላባረረውም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዕረፍቱም ትእዛዝ ነው፣ ዕረፍቱን ያቋረጠው ርኅራኄም ትእዛዝ ነው። አባቶቻችንም ለጠበልና ለገዳም ሳምንታትን ለይተው ይወጡ እንደ ነበር፣ የኦሮሞም ሕዝብ በአርፋሳ፣ ማለት በበልግ ወቅት፣ ለኢሬቻ ቱሉ ወደ ከፍታ ወጥቶ ፈጣሪውን ዝናብ እንደሚለምን ስናስብ፣ በዚህ ወራት ከደጅ ተነሥቶ ወደ ተራራ መውጣት ለዚህ ምድር አዲስ ነገር አለመሆኑን እንረዳለን።

ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። በአልፕስ ተራሮች በበረዶ ሸርተቴ የሚጫወቱ የአውሮፓ ቤተሰቦች፣ በጸደይ መጨረሻ በረዶው ሳይቀልጥባቸው ሁለት ሦስት ቀን ለማግኘት ከልጆች ትምህርት፣ ከአረጋውያን ወላጆች ጥበቃና ከዘመድ ግብዣ ጋር ሲታገሉ ይገኛሉ። ይህ ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ ሩቅ ቢመስልም፣ ሮቤል ተክለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን አገር በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ተካፍሎ፣ በዚያ መድረክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። የአውሮፓውያኑን ወቅት የሚዘጋው ፀሐይ ሲሆን የእኛን የሚዘጋው ዝናብ ነው፤ ነገር ግን ወቅት ሰውን እንደማይጠብቅ፣ የወቅቱንም ቀን አስቀድሞ ያልቈረጠ ቤተሰብ ሳይወጣ እንደሚቀር በሁለቱም ዘንድ እርግጥ ነው።

ግዴታ ለበዛበት ሰው የሚስማማው ጉዞ እንግዲህ አጭርና ቅርብ የሆነ ነው፤ ለዚህም ከአምቦ መንገድ የሚበልጥ ጥቂት ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ስትሆን፣ ማለዳ ተነሥቶ ረፋድ ላይ ይደረስባታል፤ ከቤትም ክፉ ወሬ ቢመጣ በዚያው ዕለት መመለስ ይቻላል። መንገዱም በራሱ ለልጆች ትምህርት ቤት ነው። ከሆለታ አልፎ የምትገኘው አዲስ ዓለም፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ማገዶ በማለቁ መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት የቈረቈሯት ከተማ ስትሆን፣ የባሕር ዛፍ ተክል አዲስ አበባን ከመፈታት ስላዳናት፣ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የእመቤታችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ እስከ ዛሬ ይገኛል። ከዚያም በጊንጪ አጠገብ ያለው የጭልሞ ደን፣ የሸዋ ደጋ ከመመንጠሩ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያሳይ ቅሬታ በመሆኑ፣ ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ብቻ ለሚመስለው የከተማ ልጅ ሊታይ የሚገባው ነው።

አምቦም ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው በከንቱ አይደለም። ከምድር ፈልቆ የሚወጣው ፍል ውሃዋ የታማሚና የደካማ መጽናኛ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በየግብዣው ማዕድ ላይ የሚቀርበው የአምቦ ውሃም የዚሁ ምድር በረከት ነው። በፍል ውሃው መዋኛ ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ሲገቡ፣ አንዷ የጉልበቷን ሕመም ስታስታግሥ ሌላው ሲጫወት ማየት ይቻላል። በዚህ ዓይነት እናትን የመጦር ግዴታና ልጅን የማስደሰት ግዴታ በአንድ ቀን ይፈጸማሉ፤ ጉዞውም ከግዴታ መሸሻ መሆኑ ቀርቶ የግዴታ መፈጸሚያ ይሆናል። ቅኔን ለሚወድ ቤተሰብም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱባት ቦዳ ከአምቦ እንደማትርቅ ማስታወሱ፣ ልጆች አገራቸውን ከባለቅኔዋ ጋር አያይዘው እንዲያውቁ ያደርጋቸዋል።

በሁለተኛው ቀን ጕልበት ያለው ወደ ደቡብ አቅንቶ ወደ ወንጪ ይውጣ። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ይህ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚደርስ የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ በአፉ ውስጥ የተኛው ሐይቅ፣ በሐይቁም ደሴት ላይ ያለው የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያውም የሚፈልቁት ፍል ውሃዎች መንገደኛውን ፈጣሪውን ወደ ማመስገን ይመሩታል። በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው የገበታ ለሀገር ሥራ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪን ስለ መረጠ፣ የዓለም የቱሪዝም ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከሰየማቸው መካከል ስላደረገው፣ ስፍራው ከቀድሞው ይልቅ የታወቀ ሆኗል። የሩቅ ቁልቁለትና ብርድ የሚከብዳቸው አረጋውያን ግን በአምቦ ቢቀሩ፣ ወይም ከከተማዋ 12 ኪሎ ሜትር ያህል እልፍ ብሎ ወዳለው ወደ ጉደር ቢሄዱ ይሻላል፤ ለሁሉም አንድ መርሐ ግብር መጫን አረጋውያኑን አድክሞ የሁሉንም ደስታ ያጎድላልና። በእነዚህ ወረዳዎች በቅርብ ዓመታት የጸጥታ ችግር ስለ ነበረ፣ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ሰው መጠየቅ የቤተሰብ ኃላፊ ቀዳሚ ተግባር መሆኑን ሳላሳስብ አላልፍም።

ጊዜውን እንዴት እናግኝ ለሚል ሰው የምመክረው ይህ ነው። ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል በመስከረም መጀመሪያ ስለሚታወቅ፣ ዓመቱ ሲገባ ባልና ሚስት በአንድነት ተቀምጠው በዓለ ሃምሳ የሚያርፍባቸውን ሳምንታት ይቍጠሩ፤ የሚታወቁትን ሰርጎች፣ የሙት ዓመቶችና የማኅበር ተራዎች ይጻፉ፤ ከእነዚህም ጋር በአንድ ቀለም የጉዞውን ቀን ያስፍሩ። ሚያዝያ 23 እና ሚያዝያ 27 የሕዝብ በዓላት በመሆናቸው፣ ከቅዳሜና እሑድ ጋር የሚገጥሙበት ዓመት ትርፍ ቀን ይሰጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ ማለት በአዋጅ ቍጥር 1156/2011፣ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ስላለው፣ ከዚያ ላይ አንዱን ወይም ሁለቱን ቀን ለዚህ መለየት ከባድ አይሆንም። ቀኑ ከተቈረጠ በኋላ ደግሞ በስውር ሳይሆን በግልጥ ይነገር፤ ለእድሩ ዳኛ፣ ለታላቅ ወንድም፣ በሽተኛ ለሚጠብቀው ዘመድ «በእነዚህ ቀናት አንገኝም፣ በእኛ ፈንታ እገሌ ይቆማል» ብሎ ማሳወቅ ቅሬታን ሁሉ አስቀድሞ ያጠፋዋል። ዘመድ የሚቀየመው በመሄዳችን ሳይሆን ባለመነገሩ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምናገርለት የእናቶች ነገር ነው። ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ምድጃውንና የቡናውን ረከቦት ተሸክማ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የምትሄድ እናት የሥራ ስፍራ ለወጠች እንጂ አላረፈችም። በሰርጉ ወራት ሙሉ በየዘመዱ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍና ወጥ ስታማስል የሰነበተችው እርሷ ስለ ሆነች፣ የጉዞው የመጀመሪያ ዓላማ የእርሷ ዕረፍት ሊሆን ይገባል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ምግቡ ከምግብ ቤት ይሁን፤ ልጆቹን የሚያጥብና የሚያለብስ አባት ይሁን፤ ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነም ከሁለት ሌሊት ይልቅ አንድ ሌሊት አድሮ እናትን በእውነት ማሳረፍ ይበልጣል።

በዚያ አገር ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የአክስትን ቤት አልፎ በሆቴል ማደር እንደ ንቀት የሚቈጠርበት አገር ላይ ነንና፣ በደረሱበት ዕለት ቡናቸውን ጠጥቶ፣ ምርቃታቸውን ተቀብሎ፣ ልጆቹን አስመርቆ፣ ከዚያ ወደ ማረፊያ መሄድ ተገቢ ነው። ሦስቱንም ቀን ግን ከቤት ወደ ቤት በመዞር መፈጸም ጉዞውን ሌላ የግብዣ ወራት ያደርገዋል፤ አክስትም ቢሆኑ «እናቴ፣ ልጆቹ እንዲያርፉ ነው ያመጣኋቸው» ተብለው በአክብሮት ቢነገራቸው የሚከለክሉ አይመስለኝም።

ታዲያ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ሞት ቢመጣስ? መልሱ አጭር ነው፤ ይመለሱ። ለቅሶ ቀን አይቈጥርም፤ ሐዘንተኛን ማጽናናት ከማናቸውም ዕረፍት ይቀድማል፤ ለዚህም ነው ስፍራው ቅርብ ይሁን ያልኩት። ነገር ግን የተቋረጠው ጉዞ እንደ ተሠረዘ አይቈጠር፤ ሐዘኑ ሲበርድ ሌላ ቀን ተቈርጦ በቀመሩ ላይ ይጻፍ። ለዕረፍት የተወሰነ ቀን በለቅሶ ቢቋረጥ ማንም ለቀስተኛውን አይነቅፍም፤ ነገር ግን በሰነፍ ይሉኝታና በማይገደድ ጥሪ ሁሉ እየተሰረዘ ዓመታት ካለፉ፣ ልጆቹ አድገው ከቤት ይወጣሉ፣ አያቶቹም ይህን ዓለም ይሰናበታሉ፤ ያን ጊዜ የሚወጡበት ቀን ቢገኝ እንኳ አብሮ የሚወጣ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ሰርግ ደጋሾች ቀኑን ቢያንስ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት እንዲያስታውቁ፣ የእድር ዳኞች አስቀድሞ ያሳወቀ አባልን እንደ ቀሪ እንዳይቈጥሩ፣ አሠሪዎችም በግንቦት የሚጠየቅን አጭር ፈቃድ በቅንነት እንዲመለከቱ እለምናለሁ። አንተም አንባቢ ሆይ፣ አንቺም እመቤት፣ የመጪውን ዓመት የቀን መቍጠሪያ በገዛችሁ ዕለት፣ የሌላው ሰው ጥሪ ሳይሞላው በፊት፣ የቤተሰባችሁን የዕረፍት ቀን በገዛ እጃችሁ ጻፉበት፤ ጽፋችሁም አክብሩት።