ዳማ ከሴ የቀላ ዓይን ያድናል ለሚሉ የተሰጠ ምላሽ

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ዓይኑ ቀልቶ ለሚያለቅስ ሰው «ምች ነው» ይባልና ዳማ ከሴ ይቀጠፍለታል። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፤ አረንጓዴው ጭማቂ ዓይኑ ውስጥ ጠብ ይደረጋል። «ስንቱ ድኖበታል» የሚለው ምስክርነት እንደ በቂ ማስረጃ ይቆጠራል። እኔ ግን በቂ ነው አልልም።

ሰዎቹ መዳናቸው እውነት ነው። ሆኖም በቫይረስም ሆነ በባክቴሪያ የሚመጣ የዓይን መቅላት አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒትም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። ቅጠሉ ያልተደረገለት ሕመምተኛ ጎን ለጎን ካልታየ፣ ያዳነው ቅጠሉ ይሁን ጊዜ አይለይም።

ለዚህ ዩፍሬዥያ የተባለው የአውሮፓ ተክል ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት ከተክሉ የተዘጋጀው ጠብታ ከተሰጣቸው 65 ሕመምተኞች 53ቱ ፈጽመው ዳኑ ተባለ፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረም። በ2020 በስዊዘርላንድ ከተማ በርን፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ዓይናቸው ፈሳሽ የሚያወጣ 84 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ጠብታው ከተሰጣቸው 55 በመቶው፣ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ከተሰጣቸው ደግሞ 51.2 በመቶው ተሻላቸው። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው።

ዳማ ከሴ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የቅጠሉ ውህድ በአይጦች ላይ ትኩሳት ማውረዱን አሳይተዋል። የአይጥ ትኩሳት መውረድ ግን ለሰው ዓይን ማረጋገጫ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳቱ ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ቅርንጫፍ የገረፈው ዓይን ኮርኒያው፣ ማለትም ከፊት ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ሊጫር ይችላል። ከጓሮ ተቀጥፎ በእጅ የታሸ ቅጠል በዚያ ጭረት ላይ ጀርምና ሻጋታ ሊያስገባ ይችላል። ቁስሉ ጠባሳ ከጣለ ብርሃን ይጋርዳል። ትራኮማም በቅጠል ሲታለፍ፣ በአዚትሮማይሲን ሊታከም የሚችልበት ጊዜ ያመልጣል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞችም፣ የመድኃኒት ባለሙያዎችም አሉት። ከአካባቢው የባህል ሐኪሞች ጋር ሆነው፣ ውህዱን ከጀርም አጽድተው፣ ደኅንነቱን አስቀድመው ፈትሸው፣ ፈቃደኛ ሕመምተኞችን በዕጣ እየመደቡ ቢያነጻጽሩ ክርክሩ መልስ ያገኛል። እስከዚያ ድረስ ጭማቂው ዓይን ውስጥ አይግባ። ዓይኑን የሚወጋው፣ ብርሃን የሚያስጨንቀው ወይም ዕይታው የደበዘዘበት ሰው በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።