የቶርኖ ሥራ ዋጋና የወፍጮ መቆም

ነጋዴ ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህም ልማድ የሚነቀፍ አይደለም። በጨው፣ በስኳር፣ በአቡጀዴም ሆነ በቆርቆሮ ንግድ ዋጋን አወዳድሮ ከርካሹ መግዛት የሥራው መጀመሪያ ነው። ነገር ግን የሚገዛው ዕቃ በቶርኖ ተቀርጾ ከሌላ ብረት ጋር እንዲገጥም የሚሠራ የሞተር ወይም የወፍጮ ክፍል በሆነ ጊዜ ይኸው ልማድ ብልሁንም ነጋዴ ያሳስተዋል። በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከተሞች ይህ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅ የቆመ ወፍጮ ደጃፍ ላይ እህላቸውን ተሸክመው የመጡትን ሴቶች ማየት ይበቃል።

መካነ ሰላም ከደሴ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ኮምቦልቻም ከደሴ ወደ ታች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በቦረና፣ በለጋምቦ፣ በአማራ ሳይንት ወይም በከላላ ወረዳ ወፍጮ ያለው ሰው ዘንጉ በተሰበረበት ወይም በተበላበት ጊዜ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ አስጭኖ ወደ እነዚህ ከተሞች ይወርዳል። እዚያም ከአንዱ ቶርኖ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ «ይህን የመሰለ በስንት ይሠራል?» ሲል ይጠይቃል። ለምሳሌ አንዱ 7,000 ብር፣ ሌላው 4,000 ብር ቢለው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ የሁለቱም ዘንግ ርዝመቱ አንድ፣ ብረቱም እኩል የሚያብረቀርቅ ነውና።

ልዩነቱ ያለው ዓይን ሊያየው በማይችለው ስፍራ ነው። ዘንጉ የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ላይ ነው። የውስጥ ቀዳዳው 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩሽኔታ በሚቀመጥበት ስፍራ፣ በዓለም አቀፉ የልክ ሠንጠረዥ ኬ6 በሚባለው የተለመደ ልክ መሠረት፣ የዘንጉ ውፍረት ከ50.002 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ ከ50.018 ሚሊ ሜትርም እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 0.016 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ የሰው ጠጉር ውፍረትም እጅግ ያነሰ ነው። ዘንጉ ከዚህ ቢቀጥን የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ብረቱን ይበላዋል። ቢወፍር ደግሞ ቀለበቱ ተለጥጦ ለኳሶቹ የተተወላቸው ክፍተት ይጠባል፤ ኩሽኔታው ይግላል፣ ቅባቱም ይቃጠላል። ሙቀትም ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 0.011 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያብጥ፣ ከቶርኖው ገና በትኩሱ እንደ ወጣ የተለካ ዘንግ ከተፈቀደው ልዩነት ከግማሽ የሚበልጠውን ወዲያው አጥፍቶታል ማለት ነው። ጠንቃቃው ባለሙያ ዘንጉ እስኪበርድ ቆይቶ በማይክሮሜትር የሚለካውም ስለዚህ ነው፤ የ3,000 ብሩ ልዩነት በአብዛኛው የዚህ የመቆየቱና የመለካቱ ዋጋ ነው፤ የቀረውም የብረቱ ዓይነት ነው። ምንነቱ ካልታወቀ ከአሮጌ መኪና ከተነቀለ ብረት የተቀረጸና ደረጃው ታውቆ ከተገዛ ብረት የተቀረጸ ዘንግ አንድ ዓይነት ሸክም አይችሉም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን «ይህን የመሰለ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ባለ ወፍጮው ይዞ የሄደው የተበላውን ዘንግ ነው። ቶርኖ ሠሪው ያንኑ ለክቶ፣ ያንኑ አስመስሎ ቢሠራ፣ የቀደመው ዘንግ በሁለትና በሦስት ዓመት ሥራ ያጣውን ውፍረት አዲሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጥቶት ይወለዳል። ደንበኛው የጠየቀውን አግኝቷልና ሠሪውን ሊከስ አይችልም። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ሲሰማ «የኩሽኔታው ቁጥር ስንት ነው? ፑሌጃውስ የት ነው? ወፍጮው በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ፣ ሳይጠይቅ ዋጋ ከሚናገረው ይልቅ ሊታመን የሚገባው ነው። ጥያቄውን እንደ ማስቸገር የሚቆጥሩ ደንበኞች አሉ፤ ሆኖም ያለ ተጨማሪ ክፍያ የተገኘ ጥራት ቢኖር ይህ ጥያቄ ነው።

አሁን ስሌቱን እስከ መጨረሻው ማድረስ ይገባል። የመንገዱና የማደሪያው ወጪ ለአንድ ምልልስ 3,000 ብር፣ ወፍጮው በቆመባቸው አራት ቀናት የሚቀረው ገቢ በቀን 1,500 ብር ነው ቢባል፣ እያንዳንዱ ስብራት ከዘንጉ ዋጋ ሌላ 9,000 ብር ያስወጣል። የ4,000 ብሩ ዘንግ በየአራት ወሩ፣ የ7,000 ብሩም በዓመት አንድ ጊዜ የሚለወጥ ቢሆን፣ ርካሹን የመረጠው ሰው በዓመት 39,000 ብር፣ ውዱን የመረጠው 16,000 ብር ያወጣሉ። በመግዣው ቀን ተረፈ የተባለው 3,000 ብር በዓመቱ መጨረሻ የ23,000 ብር ኪሳራ ሆኖ ተገኘ። ቶርኖ ቤት አጠገቡ ያለው የኮምቦልቻ ባለ ወፍጮ ግን መንገድ ስለሌለበትና አንድ ቀን ብቻ ስለሚቆም፣ በዚያው ስሌት ርካሹ 16,500 ብር፣ ውዱ 8,500 ብር ይሆኑበታል፤ ጉዳቱ 8,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻው ሰው ቢሳሳት ይቻለዋል፤ የመካነ ሰላሙ ሰው ግን በርካሽ ዘንግ መሞከር የማይችለው ሀብታም ስለሆነ ሳይሆን ሩቅ ስለሆነ ነው። የየሰዉ ቁጥር ከዚህ የተለየ እንደሚሆን ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን አስገብቶ ሊያሰላው ይችላል።

ይህ ነገር የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በስዊድን አገር በዮተቦሪ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ስቬን ቪንግክቪስት፣ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንጎቹ ከመስመራቸው እየተዛቡ ኩሽኔታዎቹ ቶሎ ቶሎ ሲሰበሩና ፋብሪካው ሲቆም አይቶ፣ የዘንጉን መዛባት ራሱ ተከትሎ የሚስተካከል ኩሽኔታ ፈለሰፈ። በዚሁ ምክንያት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ኤስ ኬ ኤፍ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ለዚያ ታላቅ ኩባንያ መነሻ የሆነውም የፋብሪካው መቆም ያስከተለው ኪሳራ ነበር።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ከቦረና በታች በሚወርደው በዓባይ ላይ የተደረገው ሁሉ የሚያውቀው ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ የተርባይኑና የብረታ ብረቱ ሥራ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ነበር። የአገር ልጅ እጅ እንዲለምድ፣ የውጭ ምንዛሪም እንዲቆጠብ መታሰቡ መልካም ነበር። ሥራው ስለ ተጓተተ ግን በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ውሉ እንዲቋረጥ ተደረገ፤ በ2011 ዓ.ም. ልምድ ላላቸው የውጭ ኩባንያዎች ተሰጠ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚህ ተነሥቶ የአገር ውስጥ ሥራ የማይታመን ነው ማለት አይገባም። ልምድ የሚጀመረው ከትንሹ ዘንግ ነው። ገዢው ልክን ሳይጠይቅ ዋጋን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ማይክሮሜትር ገዝቶ በጥንቃቄ የሚለካው ቶርኖ ሠሪ በማይለካው ጎረቤቱ ይሸነፋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም በከተማው የሚለካ ሰው አይገኝም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጥፋቱ የሠሪዎቹ ብቻ ነውን?

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ውድ የሆነው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እህል የሚፈስበት የቆርቆሮ አፍ፣ የቺንጋው መከለያ፣ ሞተሩ የሚያርፍበት የማዕዘን ብረት፣ እነዚህ በመካነ ሰላም ባለ ማንኛውም የብየዳ ቤት በርካሽ ቢሠሩ ወፍጮው ምንም አይሰማውም። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቶርኖ ያለው ቤት ስለ ተገኘም አንድ ዘንግ ለማሠራት እስከ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ጥሩ እጅና ትክክለኛ መለኪያ ካለ ተራው ቶርኖ ይበቃል። ገንዘቡ መውጣት ያለበት ኩሽኔታው በሚቀመጥባቸው ሁለት ስፍራዎችና ፑሌጃው በሚታሰርበት ጫፍ ላይ ነው። የቀረው የዘንጉ አካል ሻካራ ቢሆንም አይጎዳም። ይህን ለይቶ የሚያዝዝ ደንበኛ ከውዱ ቤት ዋጋ ሊያስቀንስ ይችላል።

የአስመጪዎችም ድርሻ ቀላል አይደለም። በትክክል የተቀረጸ ዘንግ ላይ አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ ቢገባበት ድካሙ ከንቱ ነው። የታወቁ ኩባንያዎች ስም በሐሰት የታተመባቸው ኩሽኔታዎች በዓለም ገበያ እንደሚዘዋወሩ ኩባንያዎቹ ራሳቸው በየጊዜው ያስጠነቅቃሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ ርካሽ አስመጥቶ የቀድሞውን ዋጋ ለመጠበቅ የሚመጣው ፈተና ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ የመካነ ሰላም ባለ ሱቅ የሸጠው ኩሽኔታ በወሩ ሲሰበር ደንበኛው የሚመጣው ወደ ባለ ሱቁ እንጂ ወደ አስመጪው አይደለም። ስለዚህ ባለ ሱቁ የመጣበትን ሰነድ መጠየቁ፣ አስመጪውም ሳይቆጣ መስጠቱ የሚገባ ነው።

አንድ የሚበረታ መቃወሚያ ይቀራል፤ ይኸውም ዘንጉ በተሰበረበት ቀን ባለ ወፍጮው በእጁ ያለው 4,000 ብር ብቻ ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስሌትም አይመልሰውም። ሊመልሰው የሚችለው ባለ ሱቁ ነው። በአንድ ወረዳ ያሉ ወፍጮዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ አንድ ባለ ሱቅ ስድስትና ስምንት ዘንግ በአንድ ጊዜ፣ የኩሽኔታው ቁጥርና ልኩ በጽሑፍ ተመልክቶ ቢያሠራ፣ ቶርኖ ሠሪው መሣሪያውን የሚያስተካክለው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል። ባለ ወፍጮውም ደሴ ሳይወርድ በማግሥቱ ሥራውን ይቀጥላል፤ ቀሪውንም ብር በየሳምንቱ ሊከፍል ይችላል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ወደ እነዚያ ከተሞች ወርዶ ዕቃ ማሠራት እንዳልተቻለ የሚያስታውስ ነጋዴ፣ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዘንግ የሞተ ገንዘብ ነው አይልም። ዘንጎቹ ሲረከቡ ሁለቱ የኩሽኔታ ስፍራዎች በባለ ሱቁ ፊት፣ በቀዝቃዛው፣ በማይክሮሜትር እንዲለኩና ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ፣ ከልኩ የወጣውም እንዲመለስ አስቀድሞ መዋዋል ይቻላል። ይህ ትእዛዝ አዲሱ እህል ወደ ወፍጮ ቤት መግባት ከሚጀምርበት ከኅዳር ወር በፊት፣ በመስከረም ቢሰጥ የሚመረጥ ይሆናል።