ትርፍ አንጀት አምስት ዓመት አይጠብቅም

የታመመ ትርፍ አንጀትን በላፓሮስኮፒ ማውጣት ዛሬ በአሜሪካ የተለመደ ሕክምና ነው። ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጀምረው ከቀዶ ሐኪሞች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል፤ ታማሚው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ቤቱ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ግን አንጀቱ ሳይፈነዳ ለደረሰ ሰው ነው። ከፈነዳ መግል በሆድ ዕቃው ይሰራጫል፤ የአንድ ቀን ቆይታ የብዙ ቀን አልጋ ይሆናል፤ ወጪውም አብሮ ያብጣል።

ለዋይትሆል ነዋሪ ቴክኖሎጂው ሩቅ አይደለም። ማውንት ካርሜል ኢስት ሆስፒታል ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ በዚያው በኢስት ብሮድ ጎዳና ላይ ይገኛል። ሰውን ከቤቱ የሚያስቀረው የሂሳቡ ፍርሃት ነው። በዲቪ የመጣ ጎልማሳ ኢትዮጵያዊ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በ1996ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ፣ አምስት ዓመት እስኪሞላው መደበኛ ሜዲኬይድ አያገኝም። ማስታገሻ ውጦ ማደር ለእርሱ ቁጠባ ይመስለዋል።

ሕጉ ግን ባዶ እጁን አልተወውም። የ1986ቱ ሕግ ድንገተኛ ክፍሎች የመክፈል አቅምን ሳያስቀድሙ መርምረው እንዲያረጋጉት ያስገድዳል። የድንገተኛ ሜዲኬይድ፣ የገቢ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው፣ በአምስቱ ዓመታት ውስጥም ለእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ይከፍላል። ሜዲኬይድ ለሌለውና ገቢው ከድህነት ወለል ላልበለጠ የኦሃዮ ነዋሪ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ሆስፒታል ኬር አሹራንስ ፕሮግራም አስፈላጊውን የሆስፒታል ሕክምና በነጻ ያሰጣል። ችግሩ እነዚህ መብቶች በስማቸው የሚጠራቸው ሰው መፈለጋቸው ነው፤ በሌሊት ሆዱን ይዞ የመጣ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በ2025ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት ግሪን ካርድ ያላገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸውም ከመደበኛው ሜዲኬይድ ስለሚወጡ፣ በድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚመካው ሰው ይበዛል።

የአምስት ዓመቱን ገደብ ማንሳት የኮንግረስ ሥራ ነው፤ በቅርቡ ይሆናል ብለን አንዋሽም። የኦሃዮ የምክር ቤት አባላት ረዳቶች ግን የክፍለ ግዛቱን የሜዲኬይድ መምሪያ ሁለት ነገር ሊጠይቁ ይችላሉ። አንደኛው፣ የነጻ ሕክምናው ማስታወቂያና ማመልከቻ በፍራንክሊን ካውንቲ ሆስፒታሎች በአማርኛም እንዲቀርብ ነው። ሁለተኛው፣ ታማሚው ለቀዶ ሕክምናው ከመፈረሙ በፊት ብቁ አስተርጓሚ መቅረቡ እንዲመረመር ነው፤ የፌዴራል ደንብ ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀምን ከአጣዳፊ አደጋ በስተቀር ይከለክላልና። የመጀመሪያው አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ ከኦክቶበር በፊት ሊፈጸም ይገባዋል።